«ሩሲያዊው የት ነው ያለው?» አለኝ መርማሪው፣ በታሰርኩ በአሥረኛው ቀን።

እስከዚያ የታሰርኩበት ክፍል ርዝመቱ አምስት እርምጃ ነበር። ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ ገና በጠዋቱ ይግላል። ከእኔ ጋር አሥራ አንድ ሆንን። እንደገባሁ አንዱ እስረኛ «ሐበሻ» አለና የሽንት ባልዲው አጠገብ ያለውን ቦታ በእግሩ አሳየኝ። ለዘጠኝ ቀን ከዚያ ሌላ ቃል ማንም አልተነፈሰልኝም። ሰላይ መስዬአቸው ነበር።

የተያዝኩት ጁባ፣ ጀበል ሰፈር፣ ከምሠራበት ምግብ ቤት ነው። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ እዚያ ለተሰበሰቡ የአገሬ ልጆች ግጥም አንብቤ ነበር፤ ጉዴሌ ሰፈር፣ ኬላ ላይ በጥይት ስለተገደለ የቦዳ ቦዳ፣ ሰው በክፍያ የሚያመላልስ ሞተር ነጂ። በሦስተኛው ቀን ሲቪል የለበሱ ሁለት ሰዎች መጡ። እኔንና ደብተሬን ጭነው ሄዱ።

በአሥረኛው ቀን ለምርመራ ተጠራሁ። አስተርጓሚው ጋምቤላ አድጎ የተመለሰ ደቡብ ሱዳናዊ ነው፤ አማርኛው ከእኔ ይጠራል። የደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ «ለሩሲያዊው መምህሬ» ብዬ ጽፌ ነበርና መርማሪው አጥብቆ የፈለገው እሱን ነው። የት እንደሚኖር፣ በማን በኩል መልእክት እንደሚልክልኝ ጠየቀኝ። ሞቷል አልኩት። መቼ አለ። እኔ ሳልወለድ ስለው በጥፊ መታኝ።

ገጣሚ እንደነበረ አስረዳሁ። በአማርኛ የተተረጎመ ስስ መጽሐፉን አዲስ አበባ ካንድ አሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ገዝቻለሁ። ከዚያ በፊት ግጥሞቼ ያለቅሱና ይራገሙ ነበር። እሱን ካነበብኩ ወዲህ ግን ማልቀስ አሳፈረኝ፤ ያየሁትን ብቻ መጻፍ ጀመርኩ። ስለ ሟቹም የጻፍኩት ስሙን፣ ጭቃው ላይ የቀረ አንድ ነጠላ ጫማውንና ሞተሩ ሳይጠፋ እየጮኸ መቆየቱን ነው።

አስተርጓሚው መተርጎሙን አቁሞ ወደ እኔ ዞረ። ፊቱ ላይ ርኅራኄ አልነበረም፤ ሰልችቶታል።

«ስማ፣ ግጥሙ የሩሲያዊው ነው፣ እኔ የተረጎምኩት ነው በል። ዛሬውኑ ትወጣለህ። እኔም እገላገልሃለሁ።»

ሐሳቡን ለመርማሪው ነገረው፤ መርማሪውም ይህንኑ የሚል ወረቀት በእንግሊዝኛ አስጽፎ ወደ እኔ ገፋው። አነበብኩት። ግማሹ ውሸት አልነበረም፤ የስንኞቹ ትንፋሽ የሩሲያዊው ነው። ግን ከፈረምኩ ያ ነጂ እዚህ አልሞተም ማለት ነው። ሩቅ አገር፣ ድሮ የሞተ ሌላ ሰው ይሆናል።

«አጻጻፉን ከእሱ ተምሬያለሁ» አልኩ። «ልጁ የሞተው ግን ጉዴሌ ነው። ግጥሙ የእኔ ነው።»

እስክሪብቶውን አንስቼ ወረቀቱን አለፍኩትና ጠረጴዛው ላይ በነበረው ደብተሬ፣ በግጥሙ ግርጌ ስሜን ከነአባቴ ስም ጻፍኩ። አስተርጓሚው ያልኩትን ምንም ሳይቀንስ ተረጎመ። ለዚህ ሁለት ወር ታስሬ ከፈልኩ። ደብተሩ አልተመለሰልኝም።

አሁንም ጁባ ነኝ። ግጥም የሚያውቁ ወዳጆቼ ሥራዬ ውስጥ ሩሲያዊው ይሰማል ይሉኛል፤ አንዳንዶቹ ሊያቆስሉኝ ነው የሚሉት። ልክ ናቸው እላለሁ። ባለፈው ወር ለሟቹ እናት ግጥሙን በቃሌ፣ በተሰባበረ አረብኛዬ እየተረጎምኩ አሰማኋት። ከማን እንደተማርኩ አልጠየቀችኝም። የልጇ ስም ያለበትን መስመር ብቻ ድገምልኝ አለች።