ዳማና ገርበብ ያለው በር

ልጅ እያለሁ የግቢያችን በር የቆርቆሮ ነበር። በስተግራ በኩል የታችኛው ጥጉ ወደ ውስጥ ተጣሞ ነበር፤ ያጣመመው ድመታችን ቡሬ ነው። ቡሬ ጥቁርና ነጭ፣ ጭንቅላቱ ትልቅ፣ አንድ ጆሮው በጠብ የተቀደደ ጉልቤ ነበር። እሱ በጭንቅላቱ እየገፋ ባሰፋው ቀዳዳ እህቱ ዳማ ከኋላው ሹልክ ትላለች። ዳማ ቀጭን፣ ፈሪ፣ እሱ ቀድሞ ያልቀመሰውን የማትቀምስ ድመት ነበረች። ስም ያወጣላቸው አባቴ ነው። ከመንዝ መጥቶ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ዕድሜውን ከፋይል ጋር የፈጀ ሰው ነው፤ ከብት ሳይናፍቀው አልቀረም፣ ለድመቶቹ የከብት ስም ሰጣቸው። እናቴ "እስቲ እለባቸውና ወተት እንጠጣ" እያለች ታሾፍበት ነበር።

ቤታችን ሀና ማርያም ነው። ያኔ ከግቢያችን ጀርባ ወደ ፉሪ አቅጣጫ ሰፊ ሜዳ ነበር፤ ሰኞ ማክሰኞ የምንጫወተው እዚያ ነው። ዝናብ ሲመታው የባሕር ዛፉና የጭቃው ሽታ እስከ ማድቤታችን ይገባል። ሁለቱ ድመቶች ማድቤት ጥግ አንድ አሮጌ ጆንያ ላይ ተጠቅልለው ይተኛሉ፤ የትኛው እግር የማን እንደሆነ መለየት አይቻልም። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ አባቴ ከታክሲ ወርዶ ሲመጣ በሩ ሥር ጎን ለጎን ቁጭ ብለው ይጠብቁታል። እናቴም ያን ሰዓት በረንዳ ላይ ዱካ አውጥታ ትቀመጣለች፤ ሽንኩርት ልልጥ ነው የምትለው፣ ዓይኗ ግን በሩ ላይ ነበር።

ቡሬ የሞተው ሁዳዴ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ነው። አሥር ዓመቴ ነበር። ያን ሰሞን የሰፈራችን መንገድ እየተሠራ ስለነበር አሸዋና ጠጠር የጫኑ መኪኖች ሲመላለሱ ይውላሉ። ጠዋት አባቴ ሥራ ሊሄድ ሲወጣ መንገዱ ዳር ወድቆ አገኘው። ተመልሶ ገባና ለእናቴ በሹክሹክታ ነገራት። እኔ ዩኒፎርሜን ለብሼ የጫማዬን ክር እያሰርኩ ስለነበር ሰማሁ። አፌን ለለቅሶ ስከፍት እናቴ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገችና "ዝም በይ! ዳማ እንዳትሰማ" አለችኝ።

ለማያውቀን ሰው እብደት ይመስላል። እኛ ቤት ግን ሞት እንደዚያ ነው የሚያዘው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ደብረ ብርሃን የሚኖረው አጎቴ፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ አርፎ ነበር። ወሬው እኛ ሰፈር የደረሰው ሰኞ ነው፤ እናቴ የተረዳችው ሐሙስ ጎህ ሲቀድ። በመሃሉ አባቴ ያውቃል፣ ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ያውቃሉ፣ ባለሱቁ ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። እሷ ብቻ እየሳቀችና እያንጎራጎረች ልብስ ታጥባለች። እኔ ደግሞ ፊቷን ላለማየት ደብተሬ ውስጥ ተቀብሬ ከረምኩ። ሐሙስ ንጋት ሽማግሌዎቹና ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ግቢያችን ሞሉ። ለቅሶው ጋብ ካለ በኋላ የተናገረችው ነገር እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ፦ "ሦስት ቀን ሙሉ ስስቅ ነበር። አንድ ሰው እንኳ አይከለክለኝም?"

ይህን ያለች ሴት ናት እንግዲህ ከዳማ መርዶ ደብቁ ብላ ያዘዘችው። ዳማን ማድቤት ዘጋችባት። አባቴ ቡሬን በሲሚንቶ ወረቀት ጠቅልሎ ሜዳው ላይ ከባሕር ዛፉ ሥር ቀበረው፤ ሥራም አረፈደ። እናቴ የሟች ልብስ ከቤተሰቡ ዓይን እንደሚሰወረው ሁሉ፣ የሚተኙበትን ጆንያ በሳሙና አጥባ አሰጣችው። ማታ አባቴ ሲመለስ ደግሞ "ይቺኛዋንም መኪና እንዳይበላብን" ብሎ የበሩን ቀዳዳ በቆርቆሮ ለጥፎ በምስማር መታው። ሁሉንም ያደረግነው ለእሷ ብለን ነው። ክፋት በልባችን አልነበረም።

ዳማ ያን ማታ የታጠበውን ጆንያ እየዞረች አሸተተችው። አንዱን ጫፍ፣ ሌላውን ጫፍ፣ መሃሉን። ከዚያ አልጋ ሥር ገባች፣ ቁም ሳጥን ላይ ወጣች፣ የከሰል ጆንያውን ሳይቀር ቧጠጠች። ትጮህ ጀመር። ድመት ስትጮህ ሰምቼ አውቃለሁ፤ ያ ግን ሌላ ነበር። ጠርታ ትጠብቃለች፣ ደግማ ትጠራለች፣ እንደገና ጆሮዋን አቁማ ትጠብቃለች። በሁለተኛው ቀን የበሩ ጥግ በምስማር የተመታበት ቦታ ሄዳ ቁጭ አለች፤ ከዚያ የሚያነሳት ጠፋ።

መብላትም ተወች። ቤቱ የጾም ቤት ነው፤ ከሽሮና ከጎመን ሌላ የለንም፣ የምናውቀው ሥጋ ቤትም ለሁዳዴ ዘግቷል። አባቴ እስከ ጋሽ ሁሴን ሥጋ ቤት እየሄደ ሳንባ ይለምን ነበር። ጋሽ ሁሴን መጀመሪያ ቀን "ጋሼ፣ ጾም አይደለም እንዴ?" ብለው ሳቁ። የድመቷን ነገር ሲሰሙ ግን የተሻለውን መርጠው ጠቀለሉለትና "አላህ ያበርታት" አሉ። እናቴ የሥጋ ሽታ ማድቤቷ እንዳይገባ ውጪ በጣሳ ትቀቅለዋለች፤ አፍንጫዋን በነጠላዋ ይዛ ትከታትፈዋለች። ዳማ አሸተተችው፤ ጎኗን ዞር ብላ ባዶውን ቦታ አየች፤ ተወችው። ቀድሞ የሚቀምስላት የለም።

ያልሞከርነው አልነበረም። ወተት አሙቀን በጨርቅ አጠባናት። እትዬ አስካለ ከድመታቸው ልጆች አንዷን በሻንጣ ይዘውላት መጡ፤ ዳማ ፀጉሯን አቁማ ፈራቻት፣ ግልገሏም ስታለቅስ አምሽታ ወደ እናቷ ተመለሰች። እኔ ትምህርት ቤት ስሄድ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆሜ፣ ዳማ ከበላች ጧፍ አስገባለሁ ብዬ ተሳልኩ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ግን ሳንባው ላይ ዝንብ ሰፍሮበት አገኛለሁ። ስዳብሳት የጎድን አጥንቷ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ትሞታለች ብዬ ፈርቼ ነበር። የምወደው ነገር ዓይኔ እያየ ሲያልቅ እጄ ምንም እንደማይችል ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

አንድ ከሰዓት በኋላ እናቴ ያን ጆንያ ከማድቤት አውጥታ አፍንጫዋ ላይ አድርጋ አገኘኋት። "ሽታውን አጠብኩባት" አለች፣ ለእኔ ይሁን ለራሷ እንጃ። "የት ሄደ ትበል? ማን ነግሯት? እኛ እኮ ደበቅናት።" ማታ አባቴ ሲመጣ እራት እንኳ ሳታቀርብለት "ነገ ጠዋት እናረዳታለን" አለችው። አባቴ ሊስቅ ብሎ ፊቷን አየና ተወው።

እናም አረዳናት። ጎህ ሲቀድ፣ መርዶ በሚነገርበት ሰዓት። አባቴ ጋቢውን ደረበ፣ እናቴ ነጠላዋን አዘቀዘቀች፣ እኔ ዳማን ሹራቤ ውስጥ አቀፍኳት። ሜዳው ላይ ጤዛው እግራችንን አራሰው። ኪዳን ሊያደርሱ የወጡት እትዬ አስካለ ከሩቅ አይተውን እየሮጡ መጡ፤ ገና ሳይደርሱ ደረታቸውን ይዘው "ማነው? ማነው?" ይላሉ። አባቴ ቀና ብሎ ማየት አፍሮ "ቡሬ ነው" አላቸው። እትዬ አስካለ እኛን አዩን፣ ሹራቤ ውስጥ ያለችውን አዩ። "በሉ እናንተ ሰዎች ጤናም የላችሁ!" አሉ። ግን አልሄዱም። ከእናቴ ጎን ቆሙና ነጠላቸውን አስተካከሉ።

ዳማን አፈሩ ላይ አስቀመጥኳት። አሸተተች። በፊት እግሯ ትንሽ ጫረች፣ ቆም አለች፣ እንደገና ጫረች። እናቴ ጎንበስ ብላ፣ ለሰው እንደሚነገር ቀስ ብላ "ዳምዬ፣ ቡሬ እኮ የለም" አለቻት። ዳማ ቀና ብላ አየቻት። ከዚያ እንደ ቀስት ተፈትልካ ወደ ቤት ሮጠች። ስንደርስ በምስማር የተመታው ጥግ ሥር በውጭ በኩል ቁጭ ብላ ትጣራለች። መንገር የነበረብንን ቀን አሳልፈናል። አባቴ እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጠና እጁን ግንባሩ ላይ አደረገ።

እናቴ "ምስማሩን ንቀለው" አለችው። ነቀለው። ቆርቆሮው ግን ተሰነጣጥቆ ስለነበር እግሯን እንዳይቆርጣት ፈራን። "እንግዲያው በሩን ገርበብ አድርጉት። ካልመጣም አለመምጣቱን ራሷ ትየው" አለች እናቴ። ያኔ በእኛ ሰፈር የልብስ ማስጫ ገመድ ሳይቀር ይሰረቅ ነበር፤ በር ገርበብ አድርጎ መዋል ቀልድ አልነበረም። ሆኖም ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀኑን ሙሉ ገርበብ ብሎ ይውላል። ዳማ ክፍተቱ ላይ ተቀምጣ መንገዱን ታያለች። እኔ ከትምህርት ቤት መልስ ቦርሳዬን ጥዬ አጠገቧ እቀመጣለሁ፤ የቤት ሥራዬን ጉልበቴ ላይ እሠራለሁ። ሌላ የማደርግላት አልነበረኝም።

ከስንት ቀን በኋላ እንደሆነ አላስታውስም፣ እየጻፍኩ ሳለ ከጎኔ ካለው ጣሳ አንዲት ቁራጭ ሳንባ አንስታ በላች። እናቴን ልጠራ ፈልጌ፣ ዳማን እንዳላስደነግጥ ብዬ መጻፌን ቀጠልኩ። ጧፌን አስገባሁ። ዳማ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖራለች፤ ግን ጆንያው ላይ ተመልሳ አልተኛችም፣ አመሻሽ ላይም ከበሩ ቀርታ አታውቅም። ምን እንዳዳናት እስከ ዛሬ አላውቅም፤ እኛ አለመሆናችንን ግን አውቃለሁ።

አባቴ ያረፈው ባለፈው ዓመት፣ ሆስፒታል ተኝቶ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። አጠገቡ ነበርኩ። የአባቴ ወንድሞች ተሰብስበው "ለእናትሽ አሁን አይነገራትም፤ ዛሬን ትደር፣ ጠዋት እናረዳታለን" አሉኝ። ዳማ ትዝ አለችኝ። "ሦስት ቀን ሙሉ ስስቅ ነበር" እናቴ ያለችውም ትዝ አለኝ። እምቢ ማለት ነበረብኝ። እሺ አልኩ። ፊቴን ታጥቤ ቤት ስገባ እናቴ አጥሚት ሠርታ በፔርሙስ ሞልታ ጠበቀችኝ። "ሳይቀዘቅዝ አድርሺለት፤ ከእኔ ነው በይው፣ እንቢ እንዳይልሽ" አለችኝ። ፔርሙሱን ተቀብዬ ወጣሁ። ወዴት ልውሰደው? አቅፌው እስከ ለቡ መብራት ኃይል በእግሬ ሄድኩ። ከዚያ ዞሬ መጣሁ።

ጎህ ሲቀድ ግቢው በሰው ሲሞላ እናቴ ሽማግሌዎቹን አላየችም። እኔን ፈልጋ አገኘችኝና "አጥሚቱን ጠጣው?" አለች። ሁሉም ሰው ሰማ። "አልጠጣውም፣ እማዬ" አልኳት። ራሷን ነቀነቀችና ከዚያ በኋላ አለቀሰች። ስለዚያ ነገር ዳግመኛ አንስታብኝ አታውቅም፤ ብታነሳብኝ ይሻለኝ ነበር።

ሜዳው ዛሬ ፎቅ በፎቅ ሆኗል፤ ባሕር ዛፉ የነበረበት ቦታ የትኛው ሕንፃ ሥር እንደሆነ መለየት አልችልም። የቆርቆሮው በር በብረት ተተክቷል፣ አጥሩም ሽቦ አለው። በሥራ ቀን ከሥራ በቀጥታ ወደ እሷ እመጣለሁ። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን እናቴ ዱካዋን በረንዳ ላይ ታወጣለች፤ ሽንኩርት እንኳ አትይዝም አሁን። እንደማይመጣ ታውቃለች፤ ነግረናታል፣ ቀብረነዋል፣ ተዝካሩንም አውጥተናል። ሌላ ዱካ አወጣና አጠገቧ እቀመጣለሁ።

ትናንትም ተቀምጠን ነበር። የውጭው በር ተቀርቅሯል። ክንዴን ነካ አድርጋ፣ "በሩን ገርበብ አድርጊው እስቲ" አለችኝ። ተነስቼ ገርበብ አደረግኩት።