በደጃፍ የቀረችው እናት

አንዲት አዛውንት ወደ ቤተ መጻሕፍቱ የሕፃናት ንባብ ክፍል የሚገቡት ሻሻቸውን አስተካክለው፣ እጃቸውንም በቀሚሳቸው ጠርገው ነው። ጉልበታቸው አገጫቸው እስኪደርስ በሕፃናቱ ወንበር ላይ ይቀመጡና የታላላቅ ሰዎችን ሕይወት በሥዕል የሚተርኩትን መጻሕፍት ይገልጣሉ። ታሪኩን ግን አይጨርሱም፤ ባለታሪኩ ልጅ ጓዙን ይዞ ከቤት ሲወጣ፣ በደጃፍ በቆመችው እናት ላይ ጣታቸውን ያሳርፉና መጽሐፉን ይከድናሉ።

የቤተ መጻሕፍቱን ሠራተኛ ነገሩ ከነከናት።

«እማማ፣ መጨረሻውን አያዩትም? ልጁ እኮ ትልቅ ሰው ይሆናል!»

«እሱንማ አገር ያውቀዋል፣ ልጄ። እናቲቱ ናት ከዚህ ወዲያ የሌለችው፤ መጽሐፉ ዋጣት እንዴ?»

ሠራተኛዋ ሳቀች፤ ቃሉ ግን ከልቧ አልወጣም። መደርደሪያውን ስትፈትሽ ሰንብታ የአንዲት ሐኪም ታሪክ አገኘች። በመዝጊያው ሥዕል ሐኪሟ ስትሸለም፣ ያቺው በደጃፍ የሸኘቻት እናት ከአዳራሹ የኋላ ረድፍ ቆማ ታጨበጭባለች።

አዛውንቷ ሠራተኛዋ የሰጠቻቸውን መጽሐፍ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግተው ሥዕሉን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁ።

«ልጅቱ ጠርታት ነው የመጣችው፣ ወይስ ከሰው ሰምታ?»