የቀነስኳት መስመር

ደባርቅ፣ በምሠራበት የጤና ቢሮ፣ ሰው ሁሉ መጨመር ይወዳል። ቅጽ ሲዘጋጅ አንዱ ፊርማ፣ ሌላው ማህተም ያስጨምራል። እኔ መቀነስ ነው የምወደው። የነፍሰ ጡሮችን ክትትል ከወፍራሙ መዝገብ ወደ ታብሌት እንዳዞር ሥራው ሲሰጠኝ የመዝገቡን ዓምዶች አራግፌ አራት ብቻ አስቀረሁ፦ ስም፣ ስልክ፣ ቀበሌ፣ የመውለጃ ቀን። ከሥር አንዲት አረንጓዴ ቁልፍ። ሥራ የበዛባት አዋላጅ በአንድ ጣት ትጨርሰዋለች እያልኩ ለሰው ሁሉ አወራ ነበር።

አጠቃቀሙን ለማየት ዳባት አካባቢ ወዳለች አንዲት ጤና ጣቢያ ወረድኩና አዋላጇ አጠገብ ቁጭ አልኩ። እናቴን የሚያህሉ ሴት ናቸው። ታብሌቱን ሞልተው አረንጓዴዋን ይጫኑና «ቀላል ነው፣ ጎሽ!» ይሉኛል። ፊቴን ዞር ሳደርግ ግን መሳቢያ ይከፈታል፣ እስክሪብቶ ሲጫጭር ይሰማኛል። ስመለስ መሳቢያው ተዘግቷል። ሦስት ጊዜ ሲደጋገም ደሜ ፈላ።

«ምንድን ነው የሚጽፉት?»

«ኧረ ምንም የለ፣ ልጄ። ሴቲቱ የምትጠራበትን ነው።»

ስሟ ታብሌቱ ላይ አለ! መልሱ አልጣመኝም። ወይ ሥራዬን የሚያጣጥል ሪፖርት ያዘጋጃሉ፣ ወይ የሚደብቁት ነገር አለ ብዬ ጠረጠርኩ። «አንድ ሥራ ሁለት ቦታ አይመዘገብም» አልኩና ከመሳቢያው ያገኘሁትን ደብተር ወሰድኩባቸው። «ተው ልጄ፣ ይቆይልኝ» ብለው እስከ በር ተከተሉኝ። እኔ ግን ማስረጃ አገኘሁ ብዬ በሚኒባስ ደባርቅ ገባሁ፤ ደብተሩንም ሳላነበው መሳቢያዬ ውስጥ ጣልኩት።

ከሳምንታት በኋላ ታብሌቴ ላይ ቀይ ምልክት በራ። አንዲት ሴት፣ እናቶች መውለጃቸው ሲቃረብ ወደሚቆዩበት የጤና ጣቢያው ማቆያ የምትወርድበት ቀን አልፏል። ካርድ ክፍል ስደውል የመጀመሪያ እርግዝናዋ፣ ያውም መንታ መሆኑን ነገሩኝ። ስልኩ ዝግ ነው። በቅርቡ የተመደበችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ወደ ደጋው ቀበሌ ወጥታ «በዚህ ስም የምትጠራ ሴት የለችም» ብላ ላከች። አላመንኳትም። ደወልኩላት።

«እውነት ወጥተሻል?»

«እግሬን ቢያዩት እንዲህ አይሉኝም ነበር!»

«ሰው እንዴት ከነሆዱ ይጠፋል? ደግመሽ ሂጂ።»

ከሦስት ቀን በኋላም መልሷ ያው ሆነ። ከአዋላጇ ጋር ተመካክረው ሊያሳጡኝ ነው አልኩ። በሁለቱም ላይ ደብዳቤ ልጽፍ ተነሳሁና፣ ለማስረጃ እንዲሆነኝ ደብተሩን ገለጥኩት።

እያንዳንዱ መስመር ላይ ሁለት ስም አለ። አንደኛው «በእናቷ ቤት»፣ ሁለተኛው «በአማቷ ቤት» ይላል።

ሙሽራ ባሏ ቤት ስትገባ አማቷ አዲስ ስም ታወጣላታለች። ይህን ማንም አልነገረኝም ማለት አልችልም። የገዛ እናቴ መታወቂያ ላይ ያለው ስም ሌላ፣ ሰፈሩ የሚጠራት ሌላ ነው። ልጅ ሳለሁ አንድ ሰው በመታወቂያ ስሟ ደጃችን ላይ ቢጠይቀኝ «ተሳስተዋል» ብዬ እመልሰው ነበር። ያችን ሁለተኛ ስም የምትይዝ ዓምድ መዝገቡ ላይ ነበረች። ድግግሞሽ ናት ብዬ የሰረዝኳት እኔ ነኝ።

መንታ ያረገዘችው ሴት የተመዘገበችው እናቷ ዘንድ በከረመችበት ሰሞን ነው፤ ቀበሌዋን የባሏን፣ ስሟን ግን የእናቷን ቤት ሰጥታለች። በደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ አገኘኋትና ሁለተኛ ስሟን ለኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በስልክ ነገርኳት። ቤቱን ወዲያው አወቀችው።

«ደጃፋቸው ላይ ቆሜ እኮ አማቲቱን ነው የጠየቅኳቸው» አለች። «‹እንዲህ የምትባል አናውቅም› አሉኝ። እሷ ለካ ውስጥ ኖራለች።»

በነጋታው በቃሬዛ አወረዷት፤ ምጡ ግን ቀድሞ ይዟት ነበር። እኔም ደብተሩን ይዤ ወደ ጤና ጣቢያዋ ሄድኩ። አፈርኩ፣ ፈራሁም። አዋላጇ አልተቆጡኝም። ደብተሩን ተቀብለው ገጹን ፈለጉና ከሁለቱ ስሞች ጎን ጻፉ፦ እናት ደህና፣ አንድ ሕፃን በሕይወት።

ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ይቅርታ ጠየቅኳት። «እሺ» ብላኝ ወደ ሥራዋ ሄደች።

መስመሯን ወደ ቦታዋ መልሻታለሁ። ቢሮ ውስጥ ለምን ጨመርክ ያለኝ የለም። አሁን ጥርት ያለ ገጽ ባየሁ ቁጥር ምን ተቀንሶ ይሆን እላለሁ። አዋላጇ ሁለቱንም ስም ታብሌቱ ላይ ይሞላሉ፣ አረንጓዴዋንም ይጫናሉ። ለመሳቢያቸው ግን ቁልፍ አስገጥመውለታል። እኔ ስገባ ይቆልፉታል።