መሪጌታና የጆሮ ጎማዬ

ትናንት ረፋድ ላይ ነው... የጤና ጣቢያችን ሰው ሁሉ የአንድ ለአምስት ስብሰባ ገብቶ እኔ ነርሱ ብቻዬን ቀርቻለሁ። የከተማችን የራቤል ብርድ ደግሞ ጉድ ነው። በሩ ተንኳኳ ሳይሆን ተደበደበ... መቋሚያ የያዙ አንድ መሪጌታ ገቡ።

ጉንፋን ከያዛቸው ወዲህ ሁለቱም ጆሯቸው ተደፍኗል።

«የገዛ ድምፄ ጋን ውስጥ ሆኜ የምጮህ ይመስለኛል። ነገ ንግሥ ነው፤ መሪው እኔ ነኝ። ባለፈው ዜማው ስቶብኝ ተማሪዎቼ ሳቁብኝ!» አሉኝ። አንጀቴን በሉት።

ከጆሮ ወደ ጉሮሮ የምትወርድ ቀጭን ቱቦ አለች፤ ስንውጥ ትከፈታለች። ሥራዋን መሥራቷን ለማወቅ የአንዲት ቀጭን ጎማ አንዱን ጫፍ እሳቸው ጆሮ፣ ሌላውን እኔ ጆሮ ከተትኩ። ስትከፈት «ቀጭ» ትላለች።

«ምን ልታዳምጥ ነው? እኔ የንስሐ አባት አለኝ!» አሉ መሪጌታ።

«ኧረ አፍንጫዎን ይያዙና ምራቅዎን ይዋጡ!» ብዬ ጮህኩ።

ከዚህ ሁሉ የደረሳቸው «አፍንጫ» የምትለዋ ብቻ ናት። ብድግ አሉ...

«አፍንጫህን ላስ? እኔን? የአባትህን እኩያ!»

መቋሚያው ወደ ላይ ወጣ። እኔ በጎማው ታስሬያለሁ፣ የት ልሽሽ?

የራሴን አፍንጫ ጥርቅም አድርጌ ይዤ፣ ውሃ እንደምትጠጣ ዶሮ አንገቴን ቀና አድርጌ ዋጥኩላቸው። ገባቸው መሰለኝ፣ ያዙ። ዋጡ... ዝም። ደገሙ... ዝም። ሦስተኛውን ሲውጡ እኔ ተስፋ ቆርጬ ጎማውን ከጆሮዬ ነቅያለሁ። ወደ ግድግዳው ዞሬ በሹክሹክታ፣ «ከእኚህ ነዝናዛ ሽማግሌ ጋር ከምለፋ ስብሰባው በስንት ጣዕሙ!» አልኩ።

«ነዝናዛው ማን ነው?»

ክው አልኩ። ዞር ስል መሪጌታም ደርቀው ቆመዋል። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ ዜማ ጀመሩ... አዳመጡት... ዓይናቸው እንባ ሞላ።

«ተመስገን! የራሴው ድምፅ ነው!»

እኔም ደስ አለኝ። እጃቸውን ልስም ጎንበስ ስል ግን በመቋሚያው ጀርባዬን ነካ አደረጉኝ... ነካ እንኳን አይባልም፣ አቀመሱኝ።

ካርዳቸው ላይ «ቱቦው ተከፍቷል፤ ሹክሹክታ ይሰማሉ» ብዬ ጻፍኩ... ምን እንደተሾካሾከ ግን ለአለቃዬም አልነገርኩ።