ማን እንደሠራው የማይታወቅ የአየርላንድ ዜማ

ዛሬ ከሰዓት በኋላ እዚህ አሜሪካ፣ ክሊቭላንድ አቬኑ የሚባለው መንገድ አካባቢ ባዶ አዳራሽ ውስጥ ብቻዬን ጨፈርኩ።

ታክሲ ስነዳ ከከተማ ወጣ ካለችው ፒከሪንግተን ቫዮሊን የያዙ አንድ አሜሪካዊ ሽማግሌ አሳፈርኩ። በየሳምንቱ ከጓደኞቻቸው ጋር የአየርላንድ የጭፈራ ዜማ እንደሚጫወቱ ነገሩኝ።

አዳራሹ ስንደርስ ማንም የለም። አንዱ ታሟል፤ ሌላው ልጁ ጋ ፍሎሪዳ ሄዷል።

"ጊዜ ካለህ ቁጭ በል፤ የጭፈራ ዜማ ለባዶ ወንበር አይጫወቱትም" አሉኝ። ቀጣዩን ራይድ ካንስል አድርጌ ተቀመጥኩ።

ዜማው ፈጣን ነው፤ ግን ውስጡ ሆድ የሚያባባ ነገር አለው። ምቱ ደግሞ ከእኛ ችክችካ ጋር ይቀራረባል። ትከሻዬ ሳልፈቅድለት ተነሳ። (የአገር ልጅ አይቶኝ ቢሆን ኖሮ ከተማ መቀየሬ ነበር።)

"ማን ነው የሠራው?" አልኳቸው ሲጨርሱ።

"አይታወቅም። አይሪሾቹም ስኮትላንዶቹም የእኛ ነው ይላሉ። ስሙ እንኳ በየመንደሩ ይለያያል። እኔን ያስተማረኝ አባቴ ነው፤ እሱ ከማን እንደተማረው ሳልጠይቀው ሞተ።"

ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ሰርግ ላይ እንኳ ጨፍሬ እንደማላውቅ ነገርኳቸው። ቫዮሊኑን አንስተው እንደገና ተጫወቱልኝ።

ቤታቸው ሳደርሳቸው "በሚቀጥለው ሳምንትም ማንም ባይመጣስ?" አሉኝ።

"እኔ እመጣለሁ" አልኳቸው።

እናንተስ? ከየት እንደመጣ የማታውቁት ዜማ ከመቀመጫችሁ አስነስቷችሁ ያውቃል? ጻፉልኝ እስቲ፤ ቤቱ ጭር ብሏል፣ የእናንተን እያነበብኩ ላምሽ።