ሲጋራ ማቆሜ ከእኔ ቀድሞ ኦቦ ገባ

ይሄ ነገር የደረሰብኝ ያለፈው ዝናብ ከመግባቱ በፊት፣ ሞያሌ አቧራ ስትበላ በምትውልበት ሰሞን ነው። የማልረሳው ሲጋራ ስላቆምኩ አይደለም። ሲጋራ ያቆመ ሰው ሞልቷል፣ ሁሉም ደግሞ ሰልችቶኛል። የማልረሳው አንድ በሕይወቴ አይቼው የማላውቅ ሽማግሌ፣ ዱላ ሳያነሳብኝ፣ ድምፁን ከፍ ሳያደርግብኝ፣ በዚህ ዕድሜዬ ስላንበረከከኝ ነው።

እኔ ጎሚስታ ነኝ። ሥራዬ በኬንያው ሞያሌ በኩል፣ ከባድ መኪኖች ወደ ታች ከመውረዳቸው በፊት ከሚቆሙበት ቦታ አጠገብ ነው። ከዲላ ረዳት ሆኜ መጥቼ እዚህ ስቀር ጎማ መለጠፍ ያስተማረኝ ሰው የለም፣ ራሴን በራሴ ነው ያስተማርኩት። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ስዋሂሊ እናገራለሁ፣ በሦስቱም መሳደብ እችላለሁ። የኛ አገር ሾፌሮች ጋሽ ታደሰ ይሉኛል። የዚህ አገር ሰው ፉንዲ ይለኛል፣ ባለሙያ ማለት ነው። ሲያንሰኝ ነው። ከድንበሩ ወዲህም ወዲያም የተሳቢ ጎማ ከቸርኬው እንደኔ የሚያላቅቅ ካለ ይምጣና እንተያይ።

ሲጋራ የጀመርኩት ጢሜ ሳይበቅል፣ መኪና ላይ ነው። እንቅልፍ ያባርራል ብለው ሰጡኝ። እንቅልፉ ከተባረረ ስንት ዘመኑ፣ ሲጋራው ግን አልሄደም። ሌሊት ለሽንት ስነሳ እንኳ አንድ ሳልለኩስ ተመልሼ አልተኛም ነበር። ኩራቴ ነበር፣ አልዋሽም። ሰው ሲያስል "ይሄ ደካማ" እል ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት የተሳቢ ጎማ ስደበድብ ትንፋሼ ቁርጥ አለ። መዶሻውን ወደ ላይ አነሳሁት፣ ማውረድ አቃተኝ። ደረቴ ውስጥ የተበሳ ጎማ ሲያፏጭ ይሰማኛል። ሾፌሩ ትናንት የተወለደ ልጅ ነው፣ "ጋሼ አረፍ ይበሉ፣ እኔ ልምታው" ብሎ መዶሻውን ከእጄ ወሰደው። በገዛ ቤቴ! በደንበኛዬ! ጎማውን በሦስት ምት አላቀቀውና ሳቀ።

ያን ቀን ምሳ አልበላሁም። ጎማ መምታት ያቃተው ጎሚስታ ምን ይሠራል? የልደት ፊኛ ይነፋል? እሱም ትንፋሽ ይፈልጋል። ዛሬ መዶሻውን የተቀበለኝ፣ ነገ መኪናውን ይዞ ሌላ ቤት ይሄዳል። ያኔ ነው ላቆም ነው ያልኩት።

ለባለቤቴ ለጥሩነሽ ስነግራት ከሽንኩርቱ ላይ ቀና እንኳ አላለችም። "አንተ ሲጋራ ከምታቆም ሲጋራው አንተን ቢያቆምህ ይቀላል" አለችኝ።

ከዚያ ዝግጅቱ ተጀመረ። ወይ ዝግጅት! ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ "ቀን ቁረጥ፣ ለሰው ሁሉ ተናገር፣ መተርኮሻህን ከቤት አውጥተህ ጣል" አለችኝ። መተርኮሻ! ሞያሌ ውስጥ መተርኮሻ ያለው ማነው? አገሩ በሙሉ መተርኮሻ ነው።

መካሪው ደግሞ ብዛቱ። አንዱ ዝንጅብል አኝክ ይላል። አንዱ በባዶ ሆድህ ሎሚ ምጠጥ ይላል። አንዱ ጉንጩ በጫት ተወጥሮ፣ ዓይኑ ፈጦ፣ "ፉንዲ፣ ሰው እንዴት የሱስ ባሪያ ይሆናል?" ብሎ ሊመክረኝ አጠገቤ ተቀመጠ። ለመናገር ቅጠሉን ወደ ሌላኛው ጉንጩ ማዞር ነበረበት። የጥሩነሽ ወንድም የባሰ ነው። ካቆመ ጀምሮ ሆዱ ከሱ ቀድሞ በር ይገባል፣ ግን "ቀለለኝ" ይላል። ምኑ ነው የቀለለው?

እኔ ግን ሥራዬን በትልቁ ነው የምሠራው። የከብት ገበያ ቀን ጠበቅኩና አንድ አሮጌ የመኪና ጎማ ላይ ወጥቼ ቆምኩ። ሁሉም እንዲሰማኝ በኦሮምኛ ጮህኩ። "ከቅዳሜ ጀምሮ ለኔ ሲጋራ የሚሸጥልኝም፣ የሚሰጠኝም፣ የልጆቼ ጠላት ነው!" ሰው አጨበጨበ፣ ግመሎቹም ዞረው አዩኝ። ሐኪም እንዲህ አድርጎ አያውቅም አልኩ በልቤ።

ስህተቴ እዚህ ላይ ነው። ይሄን ለሾፌር ብናገረው ነፋስ ይወስደው ነበር። የሾፌር ወሬ ከሚቀጥለው ኬላ አያልፍም። የቦረና ሰው ግን መንገድ ላይ ሲገናኝ ዝም ብሎ አይተላለፍም። ቆሞ፣ ሰላም ብሎ፣ ያየውንና የሰማውን ሁሉ ይሰጥሃል፣ አንተም ያለህን ትሰጠዋለህ። ኦዱ ይሉታል፣ ወሬ ማለት ነው፣ ግን እንደኛ ሐሜት አይደለም። ዝናቡ የት ወረደ፣ ማን ሞተ፣ ገበያው እንዴት ነው። ሳይጨመርበት፣ ሳይቀነስለት። ከብቱን ወዴት እንደሚነዳ የሚወስነው በሱ ነውና ኦዱ ላይ የሚዋሽ ሰው ከሌባ እኩል ነው። ስንት ዓመት አብሬያቸው ኖሬ ይሄ ጠፍቶኝ አይደለም። የኔ ሲጋራ ከዝናብና ከሞት ጋር ይቆጠራል ብዬ ስላላሰብኩ ነው።

ቅዳሜ አቆምኩ። እሑድ ሻዩ የካልሲ እጣቢ፣ የካልሲ እጣቢ አለኝ። ሰኞ ጥሩነሽን በአተነፋፈሷ ተጣላኋት። ከዚያ በኋላ ደረቴ ለቀቅ አለ እንጂ ጭንቅላቴ ሊፈነዳ ደረሰ። አንድ ብቻ ልሳብና እንደገና አቆማለሁ አልኩ። ይቺን "አንድ ብቻ" የማያውቃት አጫሽ የለም።

እዚህ ዱካ የሚሉት ትንሽ ሱቅ ያላት ጎረቤቴ በሯን በግማሽ ዘጋችብኝ። "ሂድ ፉንዲ፣ የልጆችህ ጠላት ልታደርገኝ ነው?" ድንበር ተሻግሬ ወደኛ በኩል ገባሁ። ባለሱቁ ሲያየኝ ሲጋራውን በጨርቅ ሸፈነው፣ እንደ ዳቦ። ሄሉ መንደር ድረስ በእግሬ ሄድኩ። እዚያ ያለችው አሮጊት ሳልጠይቃት "አይዞህ ልጄ፣ በርታ" ብላ ከረሜላ ሰጠችኝ። ከረሜላ! ለኔ!

በማግስቱ ለጥሩነሽ "ኦቦ መንገድ ላይ ጎማ የፈነዳበት መኪና አለ" አልኳትና መዶሻዬን ይዤ ሰው በሞተር በኪራይ ከሚያመላልሰው ከጃርሶ ቦዳ ቦዳ ላይ ወጣሁ። ጃርሶ ሞተር ሳይክሉን ሲነዳም የሚያወራ ሰው ነው። መንገዱ ኩላሊት ያወርዳል፣ አቧራው ጥርስ ውስጥ ይገባል። እኔ ግን ደስ ብሎኛል። ኦቦ ሩቅ የገጠር መንደር ናት፣ እዚያ ማን ያውቀኛል?

ውሃ መቅጃው አጠገብ አንዲት የቆርቆሮ ሱቅ አለች። ግመሎች ይጠጣሉ፣ ሰዎች ጥላ ውስጥ ተቀምጠዋል። ጃርሶ ሞተሩን ሊያቆም ሲሄድ እኔ ቀጥታ ወደ ሱቁ ሄድኩና "ሲጋራ አለ?" አልኩ በቀስታ። ሰውዬው አላወቀኝም። አንድ ፍሬ አውጥቶ ከክብሪት ጋር እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። አማረችኝ፣ ከሙሽራ በላይ።

አፌ ጋ ሳላደርሳት ከጥላው ውስጥ "ነጋ?" የሚል ድምፅ መጣ። ሰላም ነው ወይ ማለቱ ነው። አንድ ቀጭን ሽማግሌ በርጩማ ላይ ተቀምጧል፣ ጉንጩ ውስጥ የሚታኘክ ትምባሆ አለ። አባ ጅሎ ነው የሚሉት። ሽማግሌ ሰላም ብሎህ ለኩሰህ መቆም ነውር ነው። ሲጋራዋን በመዳፌ ደበቅኩና "ነጋ" አልኩ።

"ከየት ነው?"

"ከሞያሌ።"

"ሞያሌ ሰላም ነው? ልጆች ሰላም? ከብት ሰላም?"

"ሰላም ነው።"

የፍየል ዋጋ ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። ደመና አለ ወይ አለኝ፣ የለም አልኩት። መዳፌ ውስጥ ሲጋራዋ በላብ እየራሰች ነው። ከዚያ ትምባሆውን አስተካከለና "እዚያ አንድ ፉንዲ አለ፣ ጎማ የሚመታ" አለ። "አጭር፣ አፉ ትልቅ የሆነ። ገበያ መሀል ጎማ ላይ ወጥቶ ጭስ ተውኩ ብሎ ምሏል አሉ። እንዴት ሆነ? ጸና?"

ጥላው ውስጥ ያሉት ሁሉ ወደኔ ዞሩ። ግመሎቹ ራሳቸው መጠጣት ያቆሙ መሰለኝ።

"ለምን ይጠይቃሉ አባቴ?" አልኩ።

"እኔም ይሄን ልተው አስቤ ነው" አለ ጉንጩን እየነካ። "ድዴ ቆስሏል። ሐኪም ተው ብሎኛል። ሐኪም ደግሞ ሁሌ ተው ነው የሚለው። እነዚህ" አለና ወደ ሰዎቹ አገጩን ቀሰረ፣ "አትችልም ብለው ይስቁብኛል። እኔ ደግሞ ያ አፈ ትልቅ ከቻለ እኔ እንዴት ያቅተኛል አልኳቸው። እሱ ከወደቀ ግን አርፌ አኝካለሁ። ንገረኝ፣ ኦዱ ነው የምጠይቅህ።"

"አልነካም" አልኩ። "እንደ ድንጋይ ነው የጸናው። ደግሞ አጭር አይደለም።"

ጃርሶ ከኋላዬ ደረሰ። ያ አፉን የማይዘጋ! "አባ ጅሎ! ከማን ጋር እያወሩ እንደሆነ አወቁ? እሱ ራሱ እኮ ነው! ፉንዲው!"

ባለሱቁ ከት ብሎ ሳቀና "ታዲያ አሁን የሸጥኩለት ምንድነው?" አለ።

መዳፌን ከፈትኩ። ምን ላድርግ? ሲጋራዋ ተጣማ ተኝታለች። አንዷ ውሃ የምትቀዳ ሴት "ድንጋዩ ይሄ ነው?" አለች፣ ሁሉም ተንጫጫ። ሽማግሌው ግን አልሳቀም። ሲጋራዋን የሞተ ጊንጥ እንደሚያይ ሰው ጎንበስ ብሎ አያት።

"እኛ እንኳ የምንወደውን እናኝከዋለን" አለኝ። "እናንተ እሳት ትለቁበታላችሁ፣ ከዚያ ከጭሱ ትለምናላችሁ። የጅል ነገር።" ከዚያ በዱላው ወደ ግመሎቹ አመለከተ። "እነዚያ ጠጥተው ሲጨርሱ ወደ ኡራን መንደር ይሄዳሉ። ነጂዎቹ ኦዱ ይጠይቁኛል። እኔ አልጨምርም፣ አልቀንስም። ካጨስክ አጨሰ እላለሁ። ካላጨስክ አላጨሰም እላለሁ። ክብሪቱ እጅህ ላይ ነው፣ እኛም ተቀምጠናል።"

ሁሉንም ጠላኋቸው። ሽማግሌውን፣ ጃርሶን፣ ግመሎቹን፣ ነርሷን። ከሁሉም በላይ ያችን የተጣመመች ወረቀት ጠላኋት። ለሷ ብዬ ኩላሊቴን መንገድ ላይ አራግፌ፣ ሚስቴን ዋሽቼ፣ በሰው አገር ውሃ መቅጃ ላይ እንደ ሌባ ቆሜአለሁ። ጎማ ላይ የወጣሁት እኔ!

ለባለሱቁ ልመልስለት ብል "በላብህ አርሰሃት፣ ማን ይገዛታል?" አለኝ። መሬት ጣልኳትና በጫማዬ ፈጨኋት። በእግሬ ስፈጫት እንኳ ሽታዋ እስከ አፍንጫዬ መጣ፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ። አቧራው ነው አልኳቸው።

ከዚያ እኔም በተራዬ ሽማግሌውን አፈጠጥኩበት። "በሉ እንግዲህ አባ ጅሎ፣ ተራው የርስዎ ነው።"

አባ ጅሎ ትምባሆውን ከጉንጩ አወጣ። አገላብጦ አየው። ከዚያ መልሶ ከተተው።

"ትንሽ ልይህና" አለኝ። "ያንተ ድንጋይ ላብ ያወጣል።"

ወደ ቤት ስንመለስ ጃርሶ መንገዱን ሙሉ ሳቀ። እኔ ስሰድበው ደረስን።

ከዚያ ወዲህ ሰላም የለኝም። በየገበያው ቀን ከኦቦ የመጣ አንድ ሰው ቤቴ ብቅ ይላል። "ነጋ?" ይላል፣ ይቀመጣል፣ አፍንጫውን ከፍ አድርጎ ያሸታል፣ ይነሳል። ወሬ ወስዶ ይሄዳል። አንዱማ "አፍህን ክፈት" አለኝ፣ እንደ በሬ ጥርሴን ሊያይ። አባረርኩት። ግን ከፍቼለት ነው ያባረርኩት።

ዝናቡ ከገባ በኋላ አንድ የፍየል ነጋዴ መጥቶ "አባ ጅሎ ትምባሆውን ተፋ፣ ከረጢቱንም ለሰው ሰጠ" አለኝ። የሚያሾፍ መስሎኝ ነበር። ለካስ እውነቱን ነው።

አሁን የተሳቢውን ጎማ ራሴ እመታለሁ፣ መዶሻዬን የሚቀበለኝ የለም። ያ ሳቂታ ሾፌር ባለፈው መጥቶ እጁን አጣምሮ ቆሞ አየኝ። "መተንፈስ ደስ ይላል፣ ምግብ ጣመኝ" ምናምን የሚሉትን ግን ከኔ አትጠብቁ። ሲጋራ አሁንም ያምረኛል። ዛሬ ጠዋትም አምሮኛል። መካሪዎቹንም አሁንም እንቃቸዋለሁ፣ በዝንጅብልና በከረሜላ ያቆምኩ እንዳይመስላቸው።

ያቆምኩት በዚያ ሽማግሌ ነው። እሱ አንዴ ካኘከ እኔም ነፃ ነኝ፣ ያኔ ማንም አፉን አይከፍትብኝም። ስለዚህ የገበያ ቀን ሲሆን ሥራዬን ትቼ በጠዋት እወጣለሁ። ከኦቦ የመጣ ሰው ሳገኝ ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳልጨርስ "አባ ጅሎ እንዴት ነው? አኘከ?" እላለሁ።

"ኧረ አልነካም" ይሉኛል። ሁሌ አልነካም!

እንደዚህ ያለ ጨካኝ ሽማግሌ አይቼ አላውቅም።