ዩንጄ ለሐኪሟ ያልተናገረው

በኮሪያ፣ ዴጉ ከተማ፣ የመድኃኒት ሥር በሚሸጥበት ጎዳና፣ ከእኔ ሱቅ ፊት ለፊት ጋሽ ማንሱ የሚባሉ ነጋዴ ነበሩ። ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ አንድ ልጃቸውን ዩንጄን ያሳደጉት በዚያችው ሱቅ ነው። ልጁ ፋርማሲ ሊማር ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ጎረቤቱ ሁሉ ደስ አለው። እሱ ግን የሥር ሽታ እንዳይከተለው ልብሱን መስኮት ላይ እያንጠለጠለ ያናፍስ ጀመር። አባቱ ይህን ያያሉ።

ጋሽ ማንሱ በየማለዳው አንድ ጎድጓዳ ሳህን የሥር መድኃኒት አፍልተው ሳያጠጡት አይሸኙትም። የሚያነብ ልጅ ጉልበት ያስፈልገዋል ባይ ናቸው። ዩንጄ ምርር ብሎት ፊቱን ሲያጨማድድ፣ እንዲጣፍጥለት ጋምቾ የምንለውን ጣፋጭ ሥር ይጨምሩበታል። እሱ ባጉረመረመ ቁጥር የሚጨምሩት እፍኝ እየሰፋ ሄደ።

ሃያ ሁለት ዓመት በሞላው የጸደይ ወራት ሐኪሞች ለጥናት ጤነኛ ወጣቶችን ፈለጉ። ሰው ከተኛበት ሲነሣ ደሙ ወደ እግሩ ይወርዳል። ኩላሊት ይህን ስታውቅ በአንድ ሆርሞን መልእክት ትልካለች፤ ከበላይዋ ያለችው ዕጢ ደግሞ ሰውነት ጨው እንዲቆጥብ የሚያዝ ሌላ ሆርሞን ታመነጫለች፤ የደም ግፊቱም ሳይወድቅ ይቆያል። ይህ በጤነኛ ሰው ላይ ምን ያህል እንደሆነ ሊለኩ ነው። ዩንጄ ከክፍል ጓደኞቹ ጋር ሄደ። ፎርም የምትሞላው ዶክተር ሶን የምትባል ሐኪም ነበረች። ግፊቱን ለክታ፣ ትንሽ ከፍ ቢልባት፣ «ደንግጠህ ነው» አለችው። ከዚያ ጠየቀችው።

«የባህል መድኃኒት ትወስዳለህ? የተፈላ ሥር ምናምን?»

ከኋላው ተራ የሚጠብቅ ጓደኛው፣ «እሱንማ የኔ አያት ናቸው የሚጠጡት» ብሎ ሳቀ።

የዩንጄ ጆሮ ጋለ። «አልወስድም» አላት።

አምስት ቀን ቤቱ ሆኖ የሚበላው ጨዉ የተመጠነ ምግብ ሰጡት፤ የአባቱ የማለዳ መድኃኒት ግን አልቀረም። በስድስተኛው ቀን ጠዋት ተጋድሞ ደም ሰጠ፤ ሁለት ሰዓት ቆሞ ደግሞ ሰጠ። በሳምንቱ ጠሩት። ግፊቱ መቶ ስልሳ ገብቷል። የደሙ ፖታሺየም አሽቆልቁሏል። ሰሞኑን ደረጃ ሲወጣ እግሩ ይዝል እንደነበር ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለው።

«የሚገርመው» አለች ዶክተር ሶን፣ «ሁለቱም ሆርሞኖችህ ተኝተዋል። ግፊትህ ግን ሰማይ ነክቷል። ሌላ ነገር የእነሱን ሥራ እየሠራላቸው ነው። እባጭም ሊሆን ይችላል፣ በራጅ እናየዋለን። እርግጠኛ ነህ፣ ምንም አትወስድም?»

ያን ጊዜ የአባቱን መድኃኒት ጠርጥሮ እንደነበር ኋላ ሲያወራኝ አልደበቀኝም። ግን አንዴ የወጣ ቃል መመለስ ከበደው።

«ምንም» አለ።

የራጁን ቀጠሮ ሊናገሩ ከሆስፒታል ሲደውሉ ስልኩን ያነሡት አባቱ ነበሩ። ሱቁን ለእኔ አደራ ብለው፣ ያላቸውን አንድ ሙሉ ልብስ ለብሰው ከልጃቸው ጋር ሄዱ። ሐኪሟ ያየችውን ስትናገር አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ዶክተር፣ እኔ ያልተማርኩ ሰው ነኝ» አሉ በመጨረሻ። «ጋምቾ ሲበዛ ሰው ያብጣል፣ ጉልበቱ ይከዳዋል ይሉ ነበር የድሮ ሰዎች። ግፊትም ያመጣል?»

ሐኪሟ ብዕሯን አስቀመጠች። «ያመጣል እንጂ። ልክ እንደዚያ ሆርሞን ነው ጨው የሚያስይዘው። ግን ልጅዎ ሁለቴ ተጠይቆ አልወስድም ብሏል።»

ጋሽ ማንሱ ዞረው ልጃቸውን አዩት። ዩንጄ የጫማውን ክር ያይ ነበር።

«እሱ አያውቅም» አሉ። «ከገብስ ሻዩ ጋር ቀላቅዬ ነው የምሰጠው።»

«ሳይነግሩት? ልቡ ቢቆም ኖሮስ?»

«ጥፋቱ የኔ ነው» ብለው ተነሡና ወገባቸው እስኪታጠፍ ጎንበስ አሉላት፤ ልጃቸው ልትሆን ለምትችል ሴት። እሷም እንደ ተማሪ ገሠጸቻቸው። ዩንጄ ከንፈሩን ቢያላቅቅ የሚበቃ ነገር ነበር። አላላቀቀም። በአውቶቡስ ጎን ለጎን ተቀምጠው ወደ ሰፈር ተመለሱ።

መድኃኒቱ ቀረ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ግፊቱ ወረደ፣ የተኙት ሆርሞኖችም ነቁ። የእሱን ውጤት ከጥናቱ አወጡት። ጋሽ ማንሱ ግን ከዚያ ወዲያ ጋምቾ ሲሸጡ ሦስት ጊዜ ይመዝናሉ፤ ደንበኛው እስኪሰለች። «ምነው ጋሼ፣ ወርቅ ሆነ እንዴ?» ብዬ በሰው ፊት ቀልጄባቸዋለሁ። እሳቸው እንደገና መዘኑ። ኋላ ነገሩን ከዩንጄ ስሰማ የምገባበት ጠፋኝ።

ዩንጄ ለዶክተር ሶን እውነቱን ጽፎ ላከ፤ መልስ አልመጣለትም። አባቱን ለማናገር ስድስት ዓመት ፈጀበት። በመኸሩ በዓል፣ እንደ ልማዳችን፣ የእናቱን መቃብር ሣር እያጨዱ ሳሉ ነው።

«አባባ፣ ያኔ ሆስፒታል...»

«የመዘንኩት እኔ ነኝ። አለቀ።»

«እሱን አይደለም። አያውቅም ያሉልኝን ነው። አውቅ ነበር። በእርስዎ አፍሬ ነው የካድኩት።»

ጋሽ ማንሱ ማጭዳቸውን በሣር ጠረጉ።

«አውቃለሁ» አሉ። ወደ መቃብሩ ዳር እያመለከቱ፣ «ያንን ጥግ አላጨድከውም» አሉት።

ሄዶ አጨደው። ይህን ሲነግረኝ የራሱ ፋርማሲ ያለው የሁለት ልጆች አባት ሆኖ ነበር፤ ሆኖም ዓይኔን ማየት አልቻለም።